በሰሌዳ የመጣ መርዶ

ነገሌ ቦረና ላይ የቱሪዝም ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር፣ ቱሪስት የሚባል ሰው በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። ሊበን ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ለማየት የሚመጡ ፈረንጆች አሉ። ከተማችን አድረው፣ ወፏን አይተው፣ በማግስቱ ውልቅ ይላሉ። አለቃዬን አቶ በፍቃዱን ይህ ነገር ያንገበግባቸው ነበር። «ስማ ኢዩኤል፣ በስድሳ ስድስት ወታደሩ ውኃና ምግብ ተበላሸብኝ ብሎ ያመፀው እዚህ ነው። አብዮት የተጫረበት ከተማ ይዘን እንዴት ለወፍ እንሸነፋለን?» ይሉኛል።

በ2015 ዓ.ም. ለወፏ ላለመሸነፍ ወሰንን። ወታደሩ ያመፀበት ካምፕ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ ዛሬም ወታደር አለበት። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ካሉት የጭቃ ቤቶች የዚያ ዘመን ወታደር የኖረበትን አንዱን መርጠን፣ እንደነበረ ለእንግዳ ክፍት ልናደርገው አሰብን። ፍለጋው ቀላል ነበር። የጠየቅነው ሰው ሁሉ የእትዬ በለጡን ቤት ነገረን።

እትዬ በለጡ ስልሳን አልፈዋል። ከደብረ ማርቆስ ነገሌ የመጡት ባላቸውን ሃምሳ አለቃ ሙሉነህን ተከትለው ነው። እሱ በስድሳ ስድስቱ አመፅ ጊዜ ገና ተራ ወታደር ነበር። ግንቦት 1983 ጦሩ ሲበተን «ሞያሌ ድረስ ሄጄ ነገሩን አይቼ እመለሳለሁ» ብሏቸው ከጓደኞቹ ጋር ጭነት መኪና ላይ ወጣ። አልተመለሰም። አብረውት ከወጡት ጥቂቶቹ ከኬንያ ተመልሰው መጡ። አንዱ ድንበር ላይ አይቼዋለሁ አለ፣ ሌላው ከሜጋ ወዲያ አላየሁትም አለ። ልጅ አልነበራቸውም። ዘመዶቻቸው ሁለት ጊዜ ሰው ልከውባቸው እምቢ አሉ። እኔ ከሄድኩ መጥቶ የት ያገኘኛል ነበር ምክንያታቸው።

የወታደር ልብስ እያጠቡ፣ በከሰል ካውያ እየተኮሱ ኖሩ። የቀድሞው ጦር ሄዶ አዲሱ መጣ፤ እሳቸው ግን መንግሥት ቢለወጥም ልብስ መቆሸሹን አይተውም ብለው ያንኑ ሥራ ቀጠሉ። ስለ ባላቸው የጠየቃቸውን ሁሉ «መንገድ ሄዷል» ይሉታል። ሠላሳ ሁለት ዓመት መንገድ የሄደ ሰው! ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ሐዘንም ተስፋም አይታይም። መጀመሪያ ሳነጋግራቸው ፈራኋቸው። የሚያለቅስን ሰው እንደምንም እችላለሁ፤ እንዲህ ያለ ፊት ሲገጥመኝ ግን ምን እንደሚደረግ አላውቅም።

ሰፈሩም መርዶ ሊነግራቸው አልደፈረም። መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን ደግፎ ይዞ ነው የሚያረዳው። ለዚያ ደግሞ መሞቱን ያየ ወይም የሰማ ሰው ያስፈልጋል። እናም እትዬ በለጡ ሚስትም ሳይሆኑ መበለትም ሳይሆኑ ተቀመጡ።

ቤቱን ስንጠይቃቸው ያሉን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከዚህ አታስወጡኝ። እንግዳውንም እኔው ላስጎብኘው።» ከዚህ የተሻለ ምን እንፈልጋለን?

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። የቅርስ መመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ባለታሪኩ በሕይወት ካለ የፈቃድ ደብዳቤው ይያያዝ» የሚል መስመር ነበር። ከየት አምጥቼ ላያይዝ? «ሟች» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁና ወረቀቱ አለፈ። ወረቀት ነው፣ ማን ያነበዋል ብዬ። ሰሌዳ ጻፊው ግን ቃል በቃል ከቅጹ ገለበጠና ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሳላየው፣ በራቸው ላይ ተከለው። «የሟቹ ሃምሳ አለቃ ሙሉነህ መኖሪያ ቤት» ይላል። ከሥሩ የደንብ ልብስ የለበሰ ፎቶው፣ ከዚያ የቢሮአችን ስልክ ቁጥር።

ቅዳሜ ጧት የዕድር ጥሩምባ ቀሰቀሰኝ። በመስኮት ብቅ ብዬ ማን እንደሞተ ጠየቅሁ።

«ሃምሳ አለቃ ሙሉነህ!» አለኝ ነፊው።

ጫማዬን አጥልቄ ሮጥኩ። ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልደሰንበት ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲያልፉ ሰሌዳውን አንብበው፣ መንግሥት ቁርጡን ሳያውቅ ብረት ላይ አይጽፍም ብለው ነው ሰፈሩን የጠሩት። ሲያዩኝ ጮኹብኝ።

«እናንተ ምን ዓይነት ፍጥረት ናችሁ? ዕድር እያለ፣ ሽማግሌ እያለ፣ መርዶ በቆርቆሮ ይነገራል?»

ስህተት ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ። ጎረቤትየዋ ማሚቴ የሰውየውን ቁመና እያነሳች ሙሾ ታወርዳለች፤ ቁመናውን ልጅ ሆና ካየችው በቀር አታውቀውም። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ፈሪ ነኝ፤ ላስውበው አልሞክርም።

እትዬ በለጡ መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ሰው «እግዜር ያጥናዎት» ሲላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንባ የለም። አንዳንዱ ፊታቸው ላይ ጠብታ ሲያጣ ጊዜ ዓይኑን በእፍረት መሬት ላይ ይተክላል። ቀስ ብዬ ጎናቸው ተቀመጥኩና በጆሮአቸው እውነቱን ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሞተ ያለን ሰው የለም። ተነሥቼ ልናገር?»



«ተው» አሉኝ። «የእኔ ልብ ደንዝዟል፣ ልጄ። አሁን በመርፌ ቢወጋም አይሰማው። ማልቀስ የሚችል ሰው ያልቅስለት።»

ያን ቀን የመጀመሪያዎቹ እንግዶቻችን ከአዲስ አበባ መጡ። ድንኳኑን የባህል ትርኢት መስሏቸው ፎቶ አነሱት፣ ሰሌዳውንም አነሱት። አቶ በፍቃዱ ምን ያድርጉ፣ ንፍሮ አስቀረቡላቸው። አንዷ እንግዳ ድንቅ መስተንግዶ ነው ብላ አመሰገነችን።

ሰልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲነሣ ሰሌዳውን ላስቀይረው አልኩ፤ አይሆንም አሉ። ጥቁር ለብሰው ማስጎብኘት ጀመሩ። አልጋውን፣ ቀበቶውን፣ የግድግዳውን ፎቶ በአንድ ዓይነት ድምፅ ያሳያሉ። እንግዳም መጣ፤ ያውም ያላሰብነውን ያህል። አቶ በፍቃዱ ወፏን አሸነፍናት አሉ። እኔ ግን ወደዚያ ቤት በሄድኩ ቁጥር ሰሌዳውን ላለማየት አቀርቅሬ እገባ ነበር።

በወሩ የቢሮው ስልክ ጮኸ። አንዲት ሴት በቦረንኛ «አካም ጅርታ» ብላ ሰላምታ ሰጠችኝ። ሀፍሳ ትባላለች፤ የምትደውለው ከኬንያ፣ ከኢሲዮሎ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ ሰሌዳውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ዞሮ ዞሮ እሷ ዘንድ ደርሷል።

«ፎቶው ላይ ያለው አባቴ ነው» አለች።

ኢሲዮሎ ውስጥ ዓብዱልመጂድ ነበር የሚባለው። ጋራዥ ነበረው። እናቷን አግብቶ አራት ልጅ ወልዷል፤ የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ ሠላሳ ዓመቷ ነው። እሱ ከሞተ አራት ዓመቱ። የቀድሞ ስሙን የነገራቸው አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ነገሌ ወታደር እንደነበረ ነገራቸው። ሚስት እንደነበረችው አልነገራቸውም።

«እዚያ ዘመድ ይኖረን ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

አሁን እንግዲህ እውነተኛው መርዶ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። ዕድሩን እንዳልጠራ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተከልም። ወጉን ጠብቄ ብቻዬን ጎህ ሳይቀድ ሄድኩ። ተነሥተው ልብስ ይተኩሳሉ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው አልተቀመጡም፤ ቆመው ሰሙኝ።

«የት ተቀበረ?»

«ኢሲዮሎ፣ እስላም መቃብር።»

«የመጀመሪያ ልጁ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሠላሳ።»

ካውያው ሸሚዙ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ሁለት ዓመት» አሉ። «ሁለት ዓመት ብቻ ነው የጠበቀኝ።»

እኔ ነኝ የነደድኩት። በሦስት ቀን መንገድ ላይ ተቀምጦ፣ ነጋዴው በየሳምንቱ ሲመላለስ፣ በሠላሳ ዓመት አንድ ቃል መላክ ያቃተው ሰው! «ሞቻለሁ በሏት» ብሎ ቢልክ እንኳ ደግነት ነበር። በዕድሜ አባቴ ነው፤ አንቱ ልለው ግን አልቻልኩም፣ ይኸው እስካሁን ድረስ አላልኩትም። እትዬ በለጡ አልረገሙትም። አላለቀሱም። ሸሚዙን አጣጥፈው «ልጅቷ ትምጣ። ትኬት እንዳታስከፍላት» አሉኝ።

በሳምንቱ ጥቁሩን አወለቁ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ ብሎ ሰፈሩ አማቸው። አቶ ወልደሰንበትም አስጠርተው ገሠጿቸው። እሳቸው ሰምተው ወጡ። ልናገርልዎ ብላቸው እጄን ያዝ አድርገው «ለምን? ለማስረዳት እኮ ጉልበት ያስፈልጋል» አሉኝ።

ሀፍሳ ከሁለት ወር በኋላ መጣች፤ የእትዬ በለጡን ማንነት በስልክ አልነገርኳትም ነበር። ረዘም ያለች፣ ሻሿን በጥንቃቄ ያሰረች ሴት ናት። ግንባሯ የፎቶው ግንባር ነው፤ ለማየት ሁለተኛ መመልከት አያሻም። እትዬ በለጡ በር ላይ ተቀበሏት። አርባ ዓመት ነገሌ የኖረ ሰው ቦረንኛው አይጠፋውም።

«አካም ጅርታ?»

«ናጋ፣ አዮ» አለች ሀፍሳ። እንደ አገሯ ልማድ ትልቅ ሴትን «እናቴ» ማለቷ ነው።

እንደ ማንኛውም እንግዳ አስጎበኟት። ይህ አልጋው ነው። ይህ ቀበቶው ነው። ያ ውኃ የሚጠጣበት ኮዳ ነው። ልጅቷ እያንዳንዱን በጣቷ ጫፍ ትነካለች። ፎቶው ጋ ስትደርስ አልቻለችም። አልጋው ላይ ዝርፍጥ ብላ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ጮክ ብላ አለቀሰች። ያ ቤት በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ልቅሶ ሰምቶ አያውቅም። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እትዬ በለጡን አያለሁ። አሁን ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አሁን ይጮኹባታል ብዬም ጠበቅሁ።

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

«አዮ፣ አንቱ አባቴን ያውቁት ነበር? ምኑ ነዎት?»

እትዬ በለጡ ወደ እኔ ዞር አላሉም። አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ አስጎብኚ ነኝ» አሏት። ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ጎረቤት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሏት። ውጭ ሌሎች እንግዶች ደርሰው ስለነበር ተነሥተው ሊቀበሏቸው ወጡ።