ሁሉም ፋይሎች

ባንታየሁ ቀን ቀን ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር አንድ ፎቶ ቤት ይሠራል፤ ማታ ማታ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጓሮ ባለች አንድ ክፍል ቤት ያድራል። ይኖራል ማለት ይከብዳል፤ ያድራል። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ አለው። ናይሮቢ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት በሩን ያንኳኳ ሰው ቢኖር የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው። እሑድ እሑድ ሐበሻው ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ሲሳሳም እሱ የሰው ሠርግ ሲያትም ይውላል። «በሚቀጥለው እሑድ እሄዳለሁ» ሲል ሲል የሚቀጥለው እሑድ የውኃ ሽታ ሆነ። ደግሞም ኩሩ ነው፤ ሳይጠሩት አይሄድም፣ እንዳይጠሩት ደግሞ አያውቁትም። የአገር ምግብ ሲያምረው ወይዘሮ ሙሉሸዋ ምግብ ቤት ጎራ ይልና፣ ጥግ ይዞ በልቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል። በቃ፣ ኑሮው ይኸው ነው።

ሥራውን ግን ያውቅበታል። ደንበኞች ፎቶ የሚያሳትሙበትን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። የእኛ ሚሌኒየም ሊገባ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው፤ ሰው ሁሉ ፎቶውን በሲዲ ይዞ የሚዞርበት ጊዜ። ደንበኛው ሲዲውን ከትቶ የፋይል መምረጫውን መስኮት ሲከፍት ዘፈኑም፣ ደብዳቤውም፣ ቫይረሱም ተግተልትሎ ይመጣና ፎቶውን ከመሀል ማውጣት ምስር ከጠጠር መልቀም ይሆንበታል። ባንታየሁ ለዚህ ማጣሪያ አበጀለት፤ የስማቸው መጨረሻ «ጄፒጂ» የሆነ ፋይሎች ብቻ ይታያሉ፣ ሌላው ባለበት ተደብቆ ይቀራል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ደስ አለው።

አንድ ቀን ታዲያ ሩንዳ ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የመጣች ሴት የልጇን ሠርግ ሲዲ ብትከት መስኮቱ ባዶ ሆነ። «ፎቶዬን አጠፋችሁብኝ!» ብላ ቤቱን አመሰችው። ፎቶዎቹ አልጠፉም ነበር፤ የስማቸው መጨረሻ ሌላ ስለሆነ ማጣሪያው ደብቋቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ባንታየሁ ከመስኮቱ ግርጌ አንዲት ምርጫ ጨመረ። «ፎቶዎች ብቻ» የሚለውን ተጭኖ «ሁሉም ፋይሎች» ወደሚለው መቀየር ይቻላል። ባለቤቱ «አውጣው፣ ሰው ያደናግራል» ቢለው እሺ እሺ እያለ ተወው።

በዚያው ሰሞን አቶ ሐብተማርያም ፎቶ ቤቱ ድረስ መጡ። ከአዲስ አበባ በርበሬና ቅመም እያመላለሱ የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ የባንታየሁ ታናሽ እህት ጥሩወርቅ ዕቃ የምትልክለት በሳቸው እጅ ነው። በር ላይ ቆመው አንድ ሲዲ ሰጡት።

«የጥሩወርቅ ልጅ ክርስትና ፎቶ ነው።»

«ቋጠሮ የለም?» አለ ባንታየሁ። እናቱ በርበሬ ሳትቋጥርለት ቀርታ አታውቅም።

«አይ፣ ለዛሬ ይኸው ነው። ቤትህ ሳውዝ ሲ ነው አይደል? የቱ ጋ?»

ነገራቸው። «በል በርታ ልጄ» ብለው፣ ሻይ እንኳን ሳይቀምሱ፣ ዓይኑን ሳያዩ ሄዱ።

ምሳ ሰዓት ላይ ፎቶ ቤቱ ጭር ሲል ሲዲውን ከተተ። ሕፃኑ፣ ቄሱ፣ ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አለ። እናቱ የለችም። ደግሞ ከመጀመሪያው አየ፤ የለችም። በልጅ ልጇ ክርስትና እሷ ያልተገኘች ማን ሊገኝ ነው? በቅርቡ ደጋግሞ ደውሎ «እማዬስ?» ባለ ቁጥር ጥሩወርቅ «ጸበል ሄዳለች፣ ጋሼ» ትለዋለች። ያ ጸበል መቼም አላልቅ ብሏል።

ከዚያ የለመደ ዓይኑ አንድ ነገር አስተዋለ። የሚታዩት ፎቶዎች ጥቂት ናቸው፤ ሲዲው ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። እጁ ወደ መስኮቱ ግርጌ ሄደና «ሁሉም ፋይሎች» የሚለውን ተጫነ።

አንድ ቪዲዮ ብቅ አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል «የእማዬ ተዝካር» ይላል። አዲስ አበባ ሲዲውን ያዘጋጀው ሰው የቤተሰቡን ፎልደር እንዳለ ገልብጦት፣ ጥሩወርቅም ፎቶዎቹን ብቻ አይታ «ደህና ነው» ብላ ልካው ይሆናል። ባንታየሁ ከፈተው። ድንኳን ተተክሏል። ጥሩወርቅ ጥቁር ለብሳለች። የእናቱ ፎቶ በፍሬም ተሰቅሏል። የኮምፒውተሩ ድምፅ ተዘግቶ ስለነበር ሰዎቹ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ።

አላለቀሰም። ለፓስፖርት ፎቶ የሚነሣ ደንበኛ ገባ፤ «ቀና ይበሉ» አለው፣ አነሣው፣ አትሞ ሰጠው።

በእኛ ደንብ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ባዕድ አገር ብቻውን ላለ ሰውማ ጨርሶ። ወዳጅ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ሄዶ፣ ይዞ ደግፎ ነው የሚያረዳው። ለሚያውቅ ሰው መንገር ደግሞ «ለቀባሪው አረዱት» ይባላል። ባንታየሁ ግን አልቀበረ፣ አልተረዳ፤ የእናቱን ሞት ከኮምፒውተር መስኮት ለቅሞ ያወጣ ሰው ምን እንደሚባል ተረትም አልተተረተለትም። ለጥሩወርቅ ደውሎ «አውቄያለሁ» ማለት ይችል ነበር። ካለ ግን ነገሩ እዚያው ስልኩ ላይ ያልቃል፤ የሚመጣም ሰው አይኖርም። እሱ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ሰው መጥቶ እንዲያረዳው። የፈራውም ይህንኑ ነው። ማን አለውና ይመጣል?

በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ዳር አራት የፕላስቲክ ወንበሮች ገዛና ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ይዟቸው ወጣ። ረዳቱ ወንበሮቹን አይቶ ሣቀ።

«ምዜ፣ ኡና ሃሩሲ?» በስዋሂሊ፣ ጌታው፣ ሠርግ አለብህ እንዴ ማለቱ ነው።

«ንዲዮ» አለ ባንታየሁ፤ አዎ አለብኝ።

ቤቱ ገብቶ ወንበሮቹን ክብ አድርጎ ደረደራቸው። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቆልፎ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። የግቢው በር ሲንኳኳ ብድግ ይላል፤ ወተት የሚያመጣው ሰው ነው። ፀሐይ ሞቅ ስትል ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ክፉ ወሬ እንኳን የሚያመጣለት ሰው መናፈቅ ምን ያህል አንጀት እንደሚበላ ያን ሳምንት አወቀ። አንድ ጠዋት ወንበሮቹን አነባብሮ ጥግ ሊያስቀምጣቸው ተነሣና መልሶ ተዋቸው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ የራሱ በር ተንኳኳ። አቶ ሐብተማርያም ናቸው። ከኋላቸው ወይዘሮ ሙሉሸዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከሳቸውም ኋላ ባንታየሁ በመልክ እንኳን የማያውቃቸው ወንዶችና ሴቶች ቆመዋል። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

«ዘገየንብህ ልጄ» አሉ አቶ ሐብተማርያም። «ቅርብህ የሆነ፣ የሚደግፍህ ሰው አብሮን ይኑር ብለን ስናፈላልግ ከረምን። ብናጣ ጊዜ እኛው መጣን።»

ወይዘሮ ሙሉሸዋ በጎኑ አሻግረው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። አልጋው ተነጥፏል፤ የላጤ ቤት ውስጥ ባዶ ወንበሮች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። አውቆ ሲጠብቃቸው እንደከረመ ገባቸው። ቢሆንም ጠጋ ብለው ወገቡን ያዙትና፣ ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚነገረው፣ ቀስ ብለው ነገሩት።

«ባንታየሁ ልጄ፣ እናትህ አርፈዋል።»

ሳምንቱን ሙሉ እምቢ ያለው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ። «እናቴን! እናቴን!» እያለ ጮኸ፤ ወይዘሮ ሙሉሸዋ አልለቀቁትም። የማያውቃቸው ሴቶች እናቱን የሚያውቁ ያህል አብረውት አለቀሱ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሰው ሁሉ መቀመጫ ፈለገ። ወንበሮቹ አልበቁም፤ የቀሩት አልጋው ላይና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።