ፍሬን የሌላት ጣውላ

አውቶቡሱ ከሲቀላ መናኸሪያ ሲነሳ ገና አልነጋም። እህቴ አልማዝ ለስንቅ ኩርኩፋ በላስቲክ ቋጥራ በመስኮት አቀበለችኝ፤ ልጄ አስቴር ግን ልትሸኘኝ አልመጣችም። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ አኩርፋኛለች። በዚያው ሳምንት ጣውላዋን በመጥረቢያ ፈልጬ ማገዶ አድርጌባታለሁ። ጣውላ ስላችሁ፣ ከሥሯ የመኪና ኩሽኔታ እንደ ጎማ ተገጥሞላት ቁልቁለት የምትጋለበዋን ነው። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው አስፋልት፣ በአይሱዙና በባጃጅ መሀል ስትወርድ አይቻት ነበር። ትሞትብኛለች ብዬ ነው። አንድ ነገር ግን ደብቄያታለሁ፤ እኔም በልጅነቴ ዶርዜ ቁልቁለት ላይ ከወንዶቹ እኩል እጋልብ ነበር።

ቤይሩት ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሙቀቱ የሲቀላን ይመስላል፤ ሙዙ ግን መልክ እንጂ ጣዕም የለውም። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ያዞራል እንጂ እንዴት አደርሽ አይልም። እሁድ እረፍት ነኝ፤ የምሄድበት ግን የለኝም። አንድ እሁድ የምሠራላት ማዳም ልጇ ትቶት የሄደውን ስኬትቦርድ ከቆሻሻው ጋር ጣይው አለችኝ። ጎማውን በጣቴ ሳሽከረክረው መጣል አቃተኝ።

ወደ ባሕሩ የሚወርድ መንገድ አለ፤ እዚያ ወስጄ እንደ አገሬ ቁጭ አልኩበት። እኛ የምንጋልበው ተቀምጠን ነው፤ ከኋላ በሚስማር የተመታውን የጎማ ቁራጭ በእጃችን ወደ መሬት ስንጫነው ትቆማለች። እጄን ወደ ኋላ ብልክ ምንም የለም! ይዞኝ ወርዶ ከአጥር ጋር አላተመኝ። የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ መጥቶ ኢቃማ አለኝ፤ የመኖሪያ ወረቀቴን ነው። ገልብጦ ገልብጦ አየው።

«የቤት ሠራተኛ ይላል» አለኝ። «ሹፌር አይልም።»

ሳቀ። ክርኔ እየደማ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሳምንት ከማዳም ሌላ ያናገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። በአርባ ሦስት ዓመቴ ቆሜ መንዳት ለመድኩ። ግን እፈራለሁ። እግሬ ቢሰበር ማዳም በማግስቱ ወደ አገሬ ትመልሰኛለች፤ አስቴርስ እንዴት ልትማር ነው? ደግሞ ቁልቁል ስወርድ የዶርዜ ብርድ ፊቴን የነካኝ ይመስለኛል፤ መተው አልቻልኩም።

ስደውል አስቴር «ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን ለአክስቷ ትሰጣለች። ሦስት ዓመት እንዲሁ። ባለፈው እሁድ ግን ሳትሰጥብኝ ቶሎ ቶሎ ብዬ ነገርኳት፤ የዶርዜውን፣ የመጥረቢያውን፣ የአሁኑን። የሄደች መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

«እማዬ» አለችኝ፣ «የዶርዜዋ ፍሬኗ እንዴት ነበር?»

ሌላ ጣውላ ባትሠራ ይህን አትጠይቀኝም። በስልኩ ውስጥ የአይሱዙ ጡሩምባ ይሰማኛል። ተይ ብላት ስልኩን ለአልማዝ ትሰጠዋለች።

«ከመኪና ጎማ ይሁን፤ ወፍራሙን ምረጪ» አልኳት። «ሁለት ሚስማር አይበቃም፤ አራት ምቺበት። እየሰማሽኝ ነው ልጄ?»

«እየሰማሁ ነው» አለች። «ቀጥይ።»