ቀይ አፍና ቢጫ አፍ

ልጅ እያለሁ፣ ኤረር ከተማ፣ ግቢያችን ጥግ በነበረው ግራር ሁለት ዓይነት ወፎች ይጣሉበት ነበር። የእርኩም ዘመዶች ናቸው፤ በቁመት ግን በብዙ ያንሳሉ። አንደኛው ምንቃሩ ቀይና ቀጭን ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ ፋንድያ እየጫረ ጥንዚዛ ይለቅማል። ሌላው ምንቃሩ ቢጫና ወፍራም፣ ጯሂ፣ ነገረኛ። የሁለቱም ሴቶች ለመፈልፈል የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው በሩን በጭቃ ይመርጋሉ፤ ባልየው በጠባብ ስንጥቅ ያጎርሳል። አንድ ቀን ቢጫው የቀዩን ጭቃ ሰብሮ ጫጩቶቹን እየጎተተ መሬት ላይ ሲፈጠፍጣቸው አየሁ። አፈሩ ላይ ደም የነካው ላባ ቀረ።

እያለቀስኩ ለጎረቤታችን ለኤዶ ሐሊማ ነገርኳት፤ ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ሳቀችብኝ። «ቢጫው ነው ወንድ! ያንቺ ቀይማ አፍንጫውን ፋንድያ ውስጥ ቀብሮ ይውላል፤ ቤቱን ማን ይጠብቅለት?»

በዚያው ክረምት ከተማው ተናወጠ። የጎማ ጭስ፣ ጥይት፣ ቆርቆሮ በር የሚቀጠቅጥ ዱላ። እኛን መሰል ክርስቲያኖችን እየፈለጉ ቤት ለቤት መጡ። ኤዶ ሐሊማ እናቴንና እኔን ጎትታ ከፍየል በረቷ ጀርባ ያለች ዕቃ ቤት ከተተችን፤ በሩን በጣውላ ደፍና ለኩሽናዋ ባቦካችው ጭቃ መረገችው። ወፏ ከውስጥ ነው የምትመርገው፤ እኛን ከውጭ መረገችን። ጣት የምታህል ስንጥቅ ብቻ ቀረች። እናቴ «ኪዳነ ምሕረት» እያለች አፌን በነጠላዋ አፈነችው።

ዱላ የያዙ ወጣቶች ገቡ። አንዱ ግድግዳውን ዳሰሰ። «ይሄ ጭቃ ለምን ረጠበ?»

«ዝናብ ግድግዳዬን በላው! ልትመርግልኝ ነው የመጣኸው? ዱላህን ጣልና እጅጌህን ሰብስብ!»

ክንዷን መታት፤ አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁ። ጀርባዋን ስንጥቋ ላይ ለጠፈች፤ ጨለመብን። ራሷን ደገሟት። ግድግዳውን ተደግፋ እየተንሸራተተች በሩ ሥር ወደቀች፤ ስድቧን ግን አላቋረጠችም። በመጨረሻ ፍየሎቿን እየነዱ ሄዱ።

ዛሬ የምኖረው ርቄ፣ ደብረ ማርቆስ ነው። ቤቴ የብረት በር አለው፤ የጎረቤቴን ስም ግን አላውቅም። ኤዶ ሐሊማ ያ ክንዷ ከዚያ ወዲህ ተዘርግቶ አያውቅም። ሰሞኑን ታማ መተኛቷን ብሰማ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቄሱን ተንበርክኬ እንዲጸልዩላት ለመንኳቸው።

«የክርስትና ስሟ ማነው፣ ልጄ?»

«ሐሊማ።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ሌላ ስም የላትም፣ አባ» አልኳቸው፤ ካጠገባቸውም አልተነሣሁም።