ጣሳዋን አደራ

ዛሬ ጠዋት እማዬ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ በጋሪ አስጭና መጣች። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን የኪራይ ክፍል ግድግዳ አስለስና ለአዲስ ተከራይ ልታዘጋጅ ነው። ግንበኛው እጅጌውን ሲሰበስብ እኔ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ጥቁር ልጥፍ ፊት ሄጄ ተገተርኩ።

«ምን ሆነሻል? ዞር በይለት እንጂ!» አለችኝ።

«ይቺን ብቻ ልፋቃት። ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ።»

ልጥፏ ከመዳፌ እምብዛም አትሰፋም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በገዛ እጄ የመረግኳት ናት። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶኛል፤ እስከ ዛሬ ግን በዚያች መስኮት በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ያኔ ክፍሏን የተከራየው ጋሽ ታምሩ የሚባል መምህር ነበር። ቤታችን ሲቀላ የሚባለው ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ ስለሆነ ተከራይ አይጠፋብንም፤ አንዱ አልጋ ይዞ ይገባል፣ ሌላው ቴፕ። ጋሽ ታምሩ ዓሣ ይዞ ገባ። የአርባ ምንጭ ልጅ በዓሣ አይገረምም፤ ከአባያና ከጫሞ የሚወጣውን እየበላን ነው ያደግነው። የእሱ ዓሦች ግን ትንሿን ጣቴን አያህሉም ነበር። ከጎዴ ወዲያ፣ ጎርፍ ከሚተዋቸው ኩሬዎች በጀሪካን ያመጣቸው ናቸው። መስታወት ቆራጭ ጋ ባሠራው ሣጥን ውስጥ የጠዋት ፀሐይ ሲመታቸው የወንዶቹ ጅራት እንደ ፍም ይቀላል፣ ገላቸው ሰማያዊ ይሆናል። ሴቶቹ አመድማ ናቸው፤ ይህ ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር።

ቀለባቸው የትንኝ እጭ ነው። እኔ ከውሃ በርሜላችን በጣሳ እየጠለቅኩ አመጣለሁ። «ሰው ወባን ይሸሻል፣ የኔ ልጅ ትለቅማለች» እያለች እማዬ ትስቅብኛለች። እማዬ የጨንቻ ሰው ናት፤ አፏን የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛዋ ላይ ወንድና ሴት ቦታ ይለዋወጣሉ። «መምህር፣ ዓሣሽ በላች ወይስ አልበላሽም?» ስትለው ጋሽ ታምሩ በሳቅ ይንከተከታል። «እኔም በላሁ፣ እሷም በላች» ይላታል።

ነሐሴ ላይ እናቱ ታመው ወደ አገሩ ተጠራ። ሻንጣውን ይዤ እስከ መናኸሪያው ሸኘሁት። ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ እጭ፣ በየሦስት ቀኑ አንድ ጆግ ውሃ መቀየር፣ ሁሉንም አስጠናኝ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር በመስኮት ብቅ አለና ጮኸ፤ «ጣሳዋን አደራ!»

አደራ ከባድ ቃል ነው። እኔ ደግሞ አደራ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እጭ የምጠልቅባትን የወተት ጣሳ በየቀኑ በአመድ እያሸሁ አጠብኳት፤ እንደ መስታወት አብለጨለጨች።

ዓሦቹ ግን አንድ በአንድ መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ የትልቁ ወንድ ቀለም ደበዘዘ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ። የቧንቧ ውሃ ትቼ የዝናብ ውሃ አደረግኩ። ምግብ ቀነስኩ፣ ጨመርኩ። ምንም አልረዳም። እያንዳንዳቸውን በበቆሎ ቅጠል ጠቅልዬ ግቢያችን ያለው ፓፓያ ሥር ቀበርኳቸው። መስከረም ሲጠባ ሣጥኑ ውስጥ ውሃ ብቻ ቀረ። የአውቶቡስ ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር እሱ መጣ ብዬ በሩን አያለሁ።

መስቀል ደረሰ። እኛ ዘንድ ቤት በጭቃ ሳይለቀለቅ መስቀል አይገባም። ከጨንቻ ቅቤ የሚያወርዱት ሴቶች መንገዱን ሞልተውት ሲቀላ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ትሸታለች፣ በየደጁ ጭቃ ይረገጣል። ቢያንስ ክፍሉ አምሮ ይጠብቀው ብዬ የጋሽ ታምሩን ግድግዳ ብቻዬን ያዝኩት። መስኮቱ ሥር ሁለት መዳፍ የምታህል ሽንቁር ስትቀረኝ ጭቃው አለቀብኝ። ወዲያ ወዲህ ስል አልጋው ሥር ክዳን ያላት የወተት ጣሳ አገኘሁ። ውስጧ ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጭቃ ነበር። ደስ አለኝ! ያን ሁሉ ሽንቁር ደፈንኩበትና በመዳፌ አሳመርኩት።

ጋሽ ታምሩ አቧራ ለብሶ የመጣ ዕለት ገና በር ላይ ሳየው አለቀስኩ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ሞቱ። ምን እንዳደረግኳቸው አላውቅም።»

«ምንም አላደረግሻቸውም» አለኝ ሻንጣውን እያስቀመጠ። «ዕድሜያቸው ነው። ኩሬያቸው በየዓመቱ ይደርቃል፤ እነሱም ከዚያ በላይ አይኖሩም።»

እንባዬን በቀሚሴ ጠረግኩ። ከነሐሴ ወዲህ እንደዚያ ተንፍሼ አላውቅም።

«ዋናው ጣሳዋ ናት። አምጪያት እስቲ።»

ሮጬ የምታብለጨልጨውን ጣሳ ሰጠሁት። ውስጧን አየና ግራ ተጋባ።

«ይቺን አይደለም። አልጋው ሥር ያለችውን፣ ጭቃ ያለባትን።»

ጣቴን ወደ መስኮቱ ሥር ቀሰርኩ።

ግድግዳው ጋ ሄዶ መዳፉን ልጥፉ ላይ አሳረፈ። «ከሣጥኑ ያወጣሁት እንቁላላቸው እዚህ ጭቃ ውስጥ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ወላጆቹ ሲያልቁ እንቁላሉ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ዝናብ ይጠብቃል ማለት ነው። የከርሞ ዓሦች በሙሉ በዚያች ጣሳ ውስጥ ነበሩ፤ እኔ ግድግዳ አድርጌያቸዋለሁ።

እማዬ ድምፅ ሰምታ መጣች። «ለጭቃ ነው እንዲህ የከፋሽ፣ መምህር? ከኩልፎ ወንዝ አንድ ጆንያ አስመጣልሻለሁ!»

ጋሽ ታምሩ ያን ቀን አልሳቀም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት በለቅሶ።

«ልክ ነሽ። ጣሳ ሁለት መሆኑን ረሳሁት» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከልጥፉ ግማሹን በቢላዋ ፍቀን ሳህን ላይ የዝናብ ውሃ አፈሰስንበት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ደፍርሶ ቆየ። በሦስተኛው ቀን የሽፋሽፍት ፀጉር የምታህል ነገር ሽው ስትል አየሁ።

«ጋሼ! አለች! አለች!»

«ስንት ናቸው?»

ደጋግሜ ፈለግኩ። «አንድ።»

«አንዷን አሳድጊያት» አለኝ። ከዚያ ጨመረበት፤ «አንድ ዓሣ ግን ዘር አይሆንም።»

የቀረውን ልፍቅ ቢላዋውን ሳነሳ እጄን ያዘኝ። «ተያት። በመጀመሪያው ዝናብ ሁሉም አይፈለፈሉም። የሚጠራጠሩ አሉ፤ ይሄ ዝናብ ውሸት ቢሆንስ ብለው ሌላ የሚጠብቁ።»

ከጥምቀት በኋላ ሥራው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ሣጥኑን ከነዓሣዋ ተወልኝ። ዓሣዬ አድጋ አመድማ ሆነች፤ ሴት። ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ላይ ከምታየው ከራሷ ጥላ ጋር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጓደኛ መስሏት ይሆን እያልኩ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊቷ ተቀምጬ አያታለሁ። ያኔ አመድማነቷ አላናደደኝም። ሰኔ ላይ እሷም ፓፓያው ሥር ገባች።

ይኸው ዛሬ የቀረችዋን ልጥፍ ፍቄ፣ በዚያው ሳህን ላይ ትናንት የዘነበውን ውሃ አፍስሼባታለሁ። አራት ዓመት ፀሐይ የመታው ጭቃ ነው፤ ምን ሊሆን እንደሚችል አላጣሁትም። ግን እንቁላሎቹ ሲሚንቶ ውስጥ ከሚቀሩ አንድ ዝናብ ይዩ። ሳህኑ ይህን ከምጽፍበት ደብተሬ አጠገብ ነው። እስካሁን ውሃው ዝም ብሏል፤ እኔም በየመስመሩ ቀና እያልኩ አየዋለሁ።

«ነይ እንጂ፣ ሲሚንቶው ሊደርቅ ነው፣ ውሃ አቀብዪ!» ትጣራለች እማዬ።

«መጣሁ!» እላለሁ፤ አልነሳም። የሚጠራጠር ካለ፣ ይሄኛው ዝናብ እውነት መሆኑን የሚያይለት ሰው አጠገቡ ይኑር።