ከግላሱ ስር

ለተገብርኤል ተወልዳ ያደገችው ካዛንቺስ ነው። በእነሱ ቤት ሽርሽር ማለት በዓል ሲቃረብ ፍልውሃ ወርዶ፣ ገላን ታጥቦ፣ ፊት በወዝ እያብለጨለጨ መመለስ ነበር። ስለዚህ ደምበል አጠገብ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ቤተሰቦችን ይዛ ተራራ የምትወጣ አጫዋች አድርጎ ሲቀጥራት፣ እየተዝናናች ደመወዝ የሚከፈላት መሰላት።

ተራራው አናት ላይ ሎጅ አለ፤ ከሎጁ በታች ጥድ፣ ከጥዱ በታች ሐይቅ። ሥራው ክረምት ከበጋ አይቋረጥም። መስከረም ላይ ልጆቹን አደይ ታስለቅማለች። በገና ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሩር ታስመታቸዋለች። ሐምሌ ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ እሳት ዳር ሰብስባ ተረት ታወራላቸዋለች። ፈረስ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ፈረስ ላይ ፎቶ ሳይነሳ የተመለሰ ቤተሰብ አይታ አታውቅም።

መጀመሪያ ያስጠላት ሰዉ ነበር። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ለእሷ ጥለው ከረፋዱ ጀምረው ቢራቸውን ይገለብጣሉ። የአገሬው ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ ዳር የቆሸሸ ዳይፐር ወርውረው ይሄዳሉ። እሷ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና በእንጨት እያነሳች ፌስታል ውስጥ ትከታለች።

«ተይው ባክሽ፣ እዚያው ይበሰብሳል» ይላታል ሾፌሩ ካሕሳይ።

«የሚጠጡት ውሃ ውስጥ ነው እኮ የሚበሰብሰው!»

ቢሆንም ሥራ ነው ብላ ቻለችው።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምህረት የፋሲካ ሰሞን ባይሳ የሚባል ኮንትራክተር ሚስቱን መነንንና ትንሿን ልጁን ሎሚን ይዞ መጣ። ባይሳ ደልደል ያለ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ፈረሶቹ ኮርቻውን በሚሸፍን ቀይ ግላስ አጊጠው ተሰልፈዋል። ለሎሚ የተመረጠላት ግራጫው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ የአባባ ዋቅቶላ ፈረስ ነበር። ለተገብርኤል ልጅቷን አቅፋ ስትጠጋ የሽቶ ሽታ መታት። የሴት ሽቶ፣ ከባድ፣ ጣፋጭ። ከሽቶው ስር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ከርሞ የተረሳ ሥጋ የሚመስል።

«ይሸታል!» አለች ሎሚ አፍንጫዋን ይዛ።

ለተገብርኤል ልጅቷን አወረደችና የግላሱን ጠርዝ ገለጥ አደረገች። ከኮርቻው ስር ጀርባው ተልጦ ቀይ ሆኗል። መሃሉ ላይ መግል ቋጥሯል፤ በመግሉ ውስጥ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ሽቶው የተረጨው እዚያው ቁስሉ ላይ ነበር።

«አባባ፣ ምንድነው ይሄ?»

ሽማግሌው ወደ ሎጁ በኩል በፍርሃት አዩ። «ሽቶውን የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ነው የሰጠን። እንግዳ እንዳይጠየፍ እርጩበት አለን።»

«ለምን አያሳርፉትም ታዲያ?»

«እሱ ካረፈ እኔ ከባለፈረሶቹ ሰልፍ እወጣለሁ፣ ልጄ። ከወጣሁ ማን መልሶ ያስገባኛል?»

እሳቸውን መጥላት ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። ወደሚቀጥለው ፈረስ ሄዳ ገለጠች፤ ያው ነው። የሦስተኛውን ልትገልጥ ስትል መነን ጮኸችባት።

«ኧረ ሸፍኚው! ልጅቷ እያየች!»

«እንድታዩት ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ለመዝናናት እኮ ነው የመጣነው! ምን ዓይነት ሴት ነሽ?»

ባይሳ ሳቀ። «በቃ፣ አታካብዱት። ለፎቶ ነው፣ አንድ ደቂቃ ነው።» ይህን ብሎ እግሩን እርካቡ ውስጥ ከትቶ ያን ሁሉ ሰውነቱን ግራጫው ላይ ጫነው። የፈረሱ ቆዳ ከአንገቱ እስከ ጭራው ተንቀጠቀጠ። ባይሳ ለካሜራው ጥርሱን አሳየ።

ለተገብርኤል ለካሜራው ጀርባዋን ሰጠች። ስትዞር ሎሚ አንድም ፈረስ ላይ አልወጣም ብላ እያለቀሰች ነበር። እጇን ይዛ በእግር ወደ ሐይቁ ወሰደቻት።

ሰኞ ቢሮ ስትገባ አለቃዋ ዘአማኑኤል እየጠበቃት ነበር።

«ክላየንቶቹ ኮምፕሌይን አድርገዋል። አጫውቺ አልኩሽ እንጂ የእንስሳት ሐኪም ሁኚ አልኩሽ?»

«ሐኪም ይጠራላቸው፤ እስኪድኑም ይረፉ።»

«ማለቴ... በቃ፣ ሎጁን አናግሬ ወፈር ያለ ግላስ እናሠራለን። ሽታው አይወጣም።»

አፉን አየችው። የሚቀልድ መስሏት ነበር፤ አይቀልድም። «እንግዲያው ሌላ ሰው ይፈልጉ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በዚያው ሳምንት የቁስል መድኃኒት ገዝታ ለአባባ ዋቅቶላ በካሕሳይ ላከች። ካሕሳይ አድርሷል፤ ፈረሱ ግን በማግስቱም ተሰልፎ እንደነበር አልደበቃትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆና ገባች። አንድ ዓርብ አንዲት ዘናጭ እናት ወንድ ልጇን ይዛ መጥታ ለተገብርኤል ትሠራበት የነበረው ተራራ ላይ ለልጆች ምን ምን ጨዋታ እንዳለ ጠየቀቻት።

«ጥሩ የእግር መንገድ አለ፣ ሐይቅ አለ» አለች ለተገብርኤል።

«ፈረስስ?»

«አለ» አለች። ከዚያ ነገረቻት። ሽቶውን፣ መግሉን፣ ትሉን፣ አንዱንም ሳታስቀር።

ሴትዮዋ ፊቷ ተኮማተረ። ልጇን ወደ ራሷ ስባ ከባንኮኒው ራቅ አለች፤ የሸተተቻት ለተገብርኤል ራሷ እንደሆነች ሁሉ። «ስድ!» ብላ ወጣች።

ለተገብርኤል በማግስቱ ስለ ፈረስ ለጠየቃትም ሰው ያንኑ ነገረችው።