ከማዶ የተዘፈነው ሰርግ

ሥራ የጀመርኩት አርብ ገበያ፣ አንዲት ጠላ ቤት ውስጥ ነው። ከአዝማሪ ተወልጄ አዝማሪ ነው ያገባሁት። ባሌ አያሌው ማሲንቆ ይመታል፣ እኔ እዘፍናለሁ። ያን ቀን ግን ይዘውኝ የገቡት አማቴ፣ የአያሌው አባት ነበሩ። ቀኑ ገበያ ነውና ቤቱ በገበሬ ጢም ብሏል። እኔ ደግሞ በድምፄ እኮራለሁ። ገና አማቴ ማሲንቆውን ቃኝተው ሳይጨርሱ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ባለ ነጭ ጋቢ «አንበሳው፣ ጀግናው» እያልኩ አወደስኩት።

አማቴ ደጋናቸውን አቆሙ።

«ማነው እሱ?» አሉኝ በጆሮዬ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሳታውቂው ነው የምታወድሺው? ሂጂ፣ የጠላ ቤቱን ባለቤት ጠይቂና ተመለሺ።»

እያጉረመረምኩ ጓዳ ገባሁ። ባለቤቷ ስትነግረኝ ክው አልኩ። ባለ ጋቢውና ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው በእርሻ ወሰን የተጣሉ ናቸው፤ ሽማግሌ ሊያስታርቃቸው ነው ያመጣቸው። አንዱን አንበሳ ብዬ ሌላውን ብተወው ኖሮ ዱላ ይነሳ ነበር። ተመልሼ ሁለቱንም እኩል አነሳሁ። አማቴ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ሌላ ምስጋና የለም። ወደ ቤት ስንሄድ «የአዝማሪ ሥራ ግማሹ ጆሮ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የሥራችን ደንብ ይኸው ሆነ። ቤት ስንደርስ አያሌው የማሲንቆውን ቆዳ እሳት ዳር ያሞቃል፣ የደጋኑን ጭራ ሙጫ ይቀባል። እኔ ጓዳ ገብቼ እጠይቃለሁ። ማን መጣ? የማን ልጅ ነው? በሬው ማን ይባላል? ከማን ጋር ተኳርፏል? ይኼን ሳልይዝ አፌን አልከፍትም ነበር። በዚህ መንገድ ጋይንትን፣ ስማዳን፣ እስቴን በሰርግ አዳረስነው።

ከሁሉ የምወደው ከአርብ ገበያ ወዲያ ያለ አንድ መንደር ነው። መንደሩን ጠባብ ሸለቆ ለሁለት ከፍሎታል፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚነጋገረው ከማዶ ማዶ እየተጣራ ነው። እዚያ አያ በላቸው የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ግጥም ሰጪ ናቸው። በእኛ ሥራ እንግዳው ግጥም ጥሎ «ተቀበይ!» ካለ፣ አዝማሪዋ እዚያው በዜማ መመለስ አለባት። አንድ ቃል ከጣለች ተዋረደች። አያ በላቸው ከኋላ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አስደግፈው፣ ዘና እስክል ይጠብቁኝና «ተቀበይ!» ይላሉ። አቤት የሳቸው ግጥም! ላብ በላብ ነበር የሚያደርገኝ።

ሚስታቸው እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ እንጂ ቃል አይተነፍሱም።

«እትዬ ስንዱ፣ እርስዎስ መቼ ነው የሚሰጡኝ?» እላቸዋለሁ።

«ምን ቀርቶልኝ እሰጥሻለሁ፣ የእኔንም ድርሻ እሱ ጨርሶት!» ይላሉ።

በኋላ ላሊበላ የባህል ምሽት ቤት ሥራ ተገኘና ሄድን። እዚያ ዓለሙ ሌላ ነው። ቀን ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያይ የዋለው ፈረንጅ ማታ እኛ ቤት ይመጣል። አስጎብኚው ስሙን ይነግረኛል፣ እኔ ስሙን ከዜማው ውስጥ እከተዋለሁ። «ጺምህ የፍየል ነው» ብዬ ስዘፍን አስጎብኚው «ቆንጆ ነህ አለችህ» ብሎ ይተረጉማል፤ ሰውየው ደስ ብሎት ብር ግንባሬ ላይ ይለጥፋል። ነገ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቤቱ ምን እንደገጠመው ምን ያደርግልኛል? መጠየቅ ተውኩ። ስንፍና እንደሆነ አልታወቀኝም። እንዲያውም የሠለጠንኩ መስሎኝ ነበር።

መጋቢት ላይ ስለዚያ ዓለምን ስላዳረሰው ተላላፊ በሽታ ተወራ። መጀመሪያ ያስያዙት እንግዶች ቀሩ። ቀጥሎ አስጎብኚዎቹ «በረራ ቆመ፣ አገሮች በራቸውን ዘጉ» እያሉ መጡ። ሞልቶ ያድር የነበረው ቤት ውስጥ፣ አንድ ማታ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብቻውን ተቀመጠ። አገሩ መመለሻ አጥቶ የቀረ ነው። ለእሱ ብቻ ዘፈንኩለት። አጨበጨበ። የአንድ ሰው ጭብጨባ በዚያ ሁሉ ባዶ በርጩማ መሀል ተሰማ። በማግስቱ የምሽት ቤቱ ባለቤት በሩን ቆለፈችው።

ከተማዋን ሳያት ማመን አቃተኝ። ሆቴሎቹ ጨልመዋል፣ በቅሎ አከራዮቹ ጥላ ሥር ተኝተዋል፣ አስጎብኚዎቹ ገበጣ ይጫወታሉ። ጦር አልመጣ፣ መሬት አልተንቀጠቀጠ። በዓይን የማይታይ ነገር የዓለምን መንገድ ሁሉ ዘግቶ እዚህ ተራራ ላይ እኔንም አገኘኝ። ወይ የእግዜር ሥራ! ምን ይባላል?

የመኪና ጉዞ ሳይከለከል ወደ አገራችን ተሳፈርን። ንፋስ መውጫ ስንደርስ የጤና ባለሙያዎች አስወረዱንና፣ ብር ይለጠፍበት የነበረው ግንባራችን ላይ የሙቀት መለኪያ ደቀኑብን። አያሌው «ይኼኛው ሽልማት አይደለም እንዴ?» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። አልሳቅሁም።

አርብ ገበያ ስንገባ፣ ከቱሪስት ከተማ የመጣን ነንና አሥራ አራት ቀን ከቤት እንዳንወጣ ተነገረን። ጎረቤት ምግብ አጥራችን ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይሸሻል። የሚያወራን የለም። ወሬ የሚባል አልገባልንም። አሥራ አራቱ ቀን ሲያልቅም ሰርግ ተከልክሏል፣ ጠላ ቤቱ ተዘግቷል። ፋሲካ አለፈ፤ ያለ አንድ ዘፈን። አያሌው የማሲንቆውን ጭራ አላልቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

«እስከ ሰኔ ሰው ካልጠራን የቀን ሥራ ፍለጋ እሄዳለሁ። ማሲንቆውን አላወርደውም» አለኝ።

አያሌውን አውቀዋለሁ፣ ያለውን ያደርጋል። ከአባቱ የወረሰው ማሲንቆ ነው። ልጅ አልወለድንም፤ እሱ ካልመታው የቤቱ ሙያ በእኛ አበቃ ማለት ነው።

ግንቦት ውስጥ አያ ዋሴ የሚባሉ ገበሬ ከዚያ ከሸለቆው መንደር መጡ። አጥሩ ውጭ ቆመው ነው የተናገሩት።

«ልጄን ልድር ነው። ድግስ የለም፣ ከጥቂት ቤተ ዘመድ በቀር ሰው አይገባም። ግን ያለ ዘፈን እንዴት አባቴ ልሸኛት?»

«መሰብሰብ ተከልክሎ አያ ዋሴ፣ እኛ የት ገብተን?»

«ከማዶ ሁኑዋ! ከማዶ ማዶ እንጣራ የለም? ሰው ሁሉ በየደጁ ሆኖ ይሰማል። የቀበሌውን ሊቀመንበር ጠይቄያለሁ፣ ፈቅዷል።»

አያሌው ከት ብሎ ሳቀ። «ማሲንቆ ሸለቆ ይሻገራል እንዴ?»

«ለእኔ ይሰማኝ፣ ይበቃል። የሚሻገረውን እኔ አሻግራለሁ» አልኩት። ትንሽ አሰበና ተነስቶ ማሲንቆውን አወረደው።

በሰርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሸለቆው ወዲህ ማዶ፣ አንድ የዋርካ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ወዲያ ማዶ የአያ ዋሴ ቤት፣ ነጭ የለበሰችው ሙሽራ፣ ሚዜዎቹ። ከላይና ከታች ሰው በየደጁ ቆሟል፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ። ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ያያል። ሠላሳ ዓመት ዘፍኛለሁ፤ አዳራሼ ሸለቆ ሲሆን ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ጀመርኩ። ድምፄ ወጣ፣ ገደሉን መታ፣ ወደ እኔው ተመለሰ። ከዚያ ከማዶ እልልታው መጣ፤ መጀመሪያ ከሙሽራዋ ደጅ፣ ቀጥሎ ከላይኛው፣ ቀጥሎ ከታችኛው፣ እየተቀባበሉት። ጭብጨባው ዘግይቶ ይደርሳል። አያሌው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይመታል። እኔም በሙያዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ልቤ ሞላ። ሞላና ረሳሁ። ጓዳ ገብቼ የጠየቅሁት ሰው የለም፣ ጓዳውም ማዶ ነው። አያ ዋሴንም አጥሩ ውጭ ቆመው ሳሉ አልጠየቅኋቸውም። የመንደሩን ሰው ከድሮ አውቀው የለም እንዴ? በስም እየጠራሁ ማወደስ ጀመርኩ። እናም በሙሉ ድምፄ እንዲህ አልኩ፦

«በላቸው በላቸው ያ የግጥሙ ጌታ፣
ለሙሽራይቱ ስጥ ያንደበት ስጦታ።»

እልልታው ተቆረጠ። አንድ እንኳ የሚያጨበጭብ ጠፋ። ውሻ ሲጮህ ብቻ ይሰማል። አያ ዋሴ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። አያሌው ደጋኑን አቆመ፤ ልክ አባቱ ያን ቀን ጠላ ቤት እንዳቆሙት።

«ሞተዋል» አለኝ የሰዉን ሁኔታ አይቶ በሹክሹክታ። «የሺ፣ ሰውየው ሞተዋል።»

በኋላ እንደሰማሁት አያ በላቸው የሞቱት እኛ በአሥራ አራቱ ቀን ቤት ተዘግቶብን ሳለ ነው። ለቅሶ መሰብሰብ ስለተከለከለ የቀበሯቸው ካህናቱና ጥቂት ዘመድ ናቸው። መንደሩ አልወጣላቸውም፣ ሙሾ አልወረደላቸውም። አያ ዋሴ ልጃቸውን ሊድሩ ሲነሱ እትዬ ስንዱን አስፈቅደው ነበር፤ እሳቸውም «አርባው ወጥቷል፣ ዝፈኑ፣ የልጅ ሰርግ አይታጎልም» ብለዋል። እኔ ደግሞ የፈቀዱልኝን ሴት በሰርግ ዘፈን ባላቸውን ጠርቼ ወጋኋቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በቃ፣ ከዚህ ወዲያ በዚህ አገር ማን ይጠራናል? አያሌው ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አጋድሞታል። ሙሽራዋ ስታለቅስ ከማዶ ይታየኛል፤ በሰርግ ላይ ሙት መጥራት ክፉ ምልክት ነው ይባላልና።

ያኔ ከላይኛው ደጅ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ወደ ገደሉ ጫፍ መጣች። እትዬ ስንዱ ናቸው። ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ሸለቆውን ተሻግሮ ቃል በቃል ደረሰኝ፦

«ቃል ሰጪሽ ሄዷል ዳግም ላይመለስ፣
እኔ ልተካው ሙሽራዋ ትንገሥ።
ተቀበይ!»

ተቀበይ ከተባለ መቀበል ነው። ሥራ ነው። አያሌውን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት፣ ደጋኑን ሳበ። ተቀበልኩ፤ አንድ ቃል ሳልጥል። ስጨርስ ሸለቆው ከላይ እስከ ታች አለቀሰ። ወንዱም ሴቱም በየደጁ ቆሞ፣ ላልቀበራቸው ጎረቤቱ አለቀሰላቸው። እትዬ ስንዱ እስኪወጣለት ጠበቁት። ከዚያ ራሳቸው፣ ባል የሞተባቸው ሴት፣ በዚያ በጥቁር ልብሳቸው እልል አሉ። አገሩ ተከተላቸው። ሰርጉ ሰርግ ሆነ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያ አቅም ከየት እንደመጣላቸው አይገባኝም።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ።

«ስሙን የሚጠራልኝ ሰው ጠፍቶ ነበር» አሉኝ። «አየሽ፣ ታለቅሳለች ብሎ የሚፈራ ሁሉ ዝም ይላል። አንቺ ጠራሽው።»

እጅ ነሳሁ። ልሄድ ስል መልሰው ጠሩኝ።

«ግን የሺ፣ ሌላ ቤት እንዲህ እንዳታደርጊ። ሁሉ ሰው አይችለውም።»

አያሌው የቀን ሥራ አልሄደም። በዚያው ግንቦት ሌላ ሁለት ሰርግ ከማዶ ዘፈንን፣ ክልከላው ሲነሳም ወደ ጠላ ቤቱ ተመለስን። ላሊበላ የነበርንበት ቤት በሌላ ሰው እጅ ተከፍቷል ይባላል። አልሄድንም።

አሁን ወጣት አዝማሪዎች አብረውኝ ሲሠሩ ጓዳ ገብተው ማን እንዳለ ይጠይቃሉ። ልክ ናቸው፣ እኔም እንዲያ ነው የተማርኩት። እኔ ግን ዛሬ በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን እንደጎደለ ነው። ማን እንዳለ ከዚያ በኋላ እጠይቃለሁ።