ፌስታል የለበሰው የጭስ አላርም

አባቴ ማሽተት ማቆማቸውን ከሁላችንም በፊት ያወቀችው ጎረቤታቸው ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢያቸው ስትገባ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ከጀርባቸው ምስር ወጡ ከነድስቱ ከስሎ ጭሱ በመስኮት ይትጎለጎላል። ሮጣ ገብታ ምድጃውን አጠፋች። እሳቸው ግን ልነሳ ስል ነው የመጣሽው ብለው ድርቅ አሉ። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

አባቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ስኳር ሲያፈሉ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ፈሳሹ ሊያር ሲል ከማንም ቀድመው በጠረኑ ያውቁ እንደነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው ዛሬም ይመሰክራሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች የወጡን ቅመም ከሳሎን ሆነው እያሸተቱ ያርሟት ነበር፤ እሷም በዚህ ትበሳጭ ነበር። ታዲያ ያ አፍንጫ ከአንድ ክፉ ጉንፋን በኋላ ጥሏቸው ሄደ። አይሸተኝም ብሎ መናገር ደግሞ ለእሳቸው ሞት ነው።

አዳማ እኔ ጋ ይኑሩ ብዬ ለመንኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝና አልለቀቅኳቸውም። በመጨረሻ ተደራደርን፦ ዱከም ፋብሪካ የሚሠራው ወንድሜ የጭስ አላርም ገዝቶ ይሰቅልላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ድስት አርሮ ሳያውቁ ከቀሩ ቤቱን ዘግተው ከእኔ ጋር ይሄዳሉ።

ወንድሜም እሳት ያለው ማድቤት ነው ብሎ አላርሙን ልክ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። አብሮት የመጣውን ወረቀት ያነበበ የለም። አባቴ ሽንኩርት ባቁላሉ ቁጥር ይጮሃል፤ እሳቸው ደግሞ እየደወሉ እኔ ላይ ይጮኻሉ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሆነ በኋላ ስልኩ ጸጥ አለ። ለመዱት ብዬ ደስ አለኝ። የሞኝ ደስታ ነበር።

እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ ማድቤቱ በሽንኩርት ጭስ ታፍኗል፤ አላርሙ ግን ትንፍሽ አላለም። ቀና ብዬ ሳየው ፌስታል ለብሶ በላስቲክ ታስሯል። አቧራ እንዳይገባበት ነው አሉኝ። የእኛ ቤት የቴሌቪዥን ሪሞትም ዕድሜውን ሁሉ በፌስታል ውስጥ ነው የኖረው። እሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው በፌስታሉ ላይ ቁልፉን ሲጫኑት ጮኸ። ይኸው ይሠራል ብለው በድል አድራጊነት ወረዱ።

በጣም ተናደድኩ። ቁልፉ ድምፁን ብቻ እንደሚፈትሽ፣ ጭሱ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ካልገባ ግን ምንም እንደማያውቅ ነገርኳቸው። ከዚያም ሳላስበው አንድ ነገር ከአፌ ወጣ።

«አባዬ፣ የሸፈኑት እኮ አፍንጫውን ነው።»

ቀና ብለው አላርሙን አዩት። ባልተናገርኩት ብዬ ተጸጸትኩ። ወንበሩን መልሰው አቆሙና ላስቲኩን ራሳቸው ፈቱት። ፌስታሉ ሲነሳ አላርሙ ወዲያው ጮኸ፤ ሁለታችንም ጆሯችንን ይዘን ወደ ግቢ ወጣን። ጎረቤታቸውም አጥሩ ላይ ብቅ ብላ ሳቀችብን። በማግስቱ ወንድሜ፣ ዘግይቶም ቢሆን ወረቀቱን አንብቦ፣ አላርሙን ከማድቤቱ አውጥቶ ወደ መኝታ ቤት በሚያሳልፈው ኮሪደር ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ በሽንኩርት መጮህ ተወ። አባቴም ቅዳሜ ቅዳሜ በመጥረጊያ እንጨት ቁልፉን እየተጫኑ መሥራቱን ያረጋግጣሉ።

ከወር በኋላ፣ አስተማሪ ነኝና ተማሪዎቼ ለእረፍት እንደወጡ ስልኬ ጠራ። አባቴ ናቸው። ምስሩ አርሯል፣ እሳቸው በረንዳ ላይ ነበሩ፣ አላርሙ ሲጮህ ገብተው አጥፍተውታል። ድስቱን አጥበው ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ምንም አልሸተተኝም።»

ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ከአፋቸው ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እንባዬ መጣ። እኔ ጋ ይኑሩ የሚለውን ነገር ያን ጊዜ ከልቤ አወጣሁት። ለምሳ ምን ሊበሉ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳቸው።

«ሌላ ጥጃለሁ» አሉኝ።